የሬድዮ ልብስ

ባለፈው ሳምንት አከራዬ ጓሮ ውስጥ ጋቢ በእንዶድ ሲያጥቡ ሽታው በመስኮቴ ገባ። የእንዶድ ሽታ ከእርጥብ ቅጠልና ከሳሙና መሀል ያለ፣ አፍንጫን ኮርኮር የሚያደርግ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ ግን መስኮቱን ልዘጋ ተነሣሁና ሳልዘጋው ቆሜ ቀረሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የንድፍ መምህራችን አንድ ቀን ክፍሉን ጠይቆ ነበር። “ሰው አንዳንዱን ዕቃ ገና ሳያረጅ ይጥለዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ተሰብሮም አይጥለውም። ለምን ይመስላችኋል?” ልጆቹ ስለ ውበት፣ ስለ ጥንካሬ፣ ስለ ዋጋ ተናገሩ። እኔም የምናገረው ነበረኝ። ነገር ግን ሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራኝ እጄን ሳላወጣ ሰዓቱ አለቀ። ልናገር የነበረው ስለ አጎቴ ስለ ስሜነህና ሮብ ገበያ ስላሳለፍኩት አንድ ክረምት ነበር። ዛሬ ማንም አልጠየቀኝምና ልጻፈው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን አማኑኤል ነው። እናቴ አስተማሪ ስለሆነች ክረምት ክረምት ደብረ ማርቆስ እየሄደች ትማር ነበር። አባቴ ሥራው ደጀን ስለነበር በዚያ ዓመት የሚይዘኝ ሰው ጠፋና እናቴ ሮብ ገበያ ወንድሟ ጋ ወሰደችኝ። ከመኪና ስንወርድ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ከአጎቴ መጀመሪያ ያየሁት ጃንጥላውን ነው።

“አታስቸግርህም” አለችው እናቴ፤ “ዝም ያለች ልጅ ናት።”

አጎቴ ጎንበስ ብሎ አየኝ። “ጥሩ ነው። እኛ ቤት የሚያወሩ ብዙ አሉ” አለ።

እነማን እንደሆኑ በማግስቱ ገባኝ።

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናው ገበያው ዳር ባለች የቆርቆሮ በረንዳ ላይ ነው የቆመው። ሱሪ ያሳጥራል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፤ ስሙ የታወቀው ግን በሬድዮ ልብስ ነበር። ያኔ ከጮቄ ተራራ ሥር የሚኖር ገበሬ ሬድዮውን በትከሻው አንግቶ ነበር እርሻም ገበያም የሚሄደው። ራቁቱን የሆነ ሬድዮ ይዞ ሰው መሀል መውጣት ደግሞ ያሳፍራል። ልብሱ ከካኪ ወይም ከከፋይ ይሰፋል። ድምፅ የሚወጣበት በቀጫጭን ቀዳዳ ይበሳል፤ የጣቢያው ቁጥር የሚታይበት ቦታ ላስቲክ ይገባበታል፤ ከኋላ የባትሪ ድንጋዩ የሚገባበት በቁልፍ የሚዘጋ ክዳን አለው፤ ዳር ዳሩን ዘርፍ ይዞረዋል።

በረንዳው ላይ ባለው መደርደሪያ ሁልጊዜ ስድስት ሰባት ሬድዮ ተራውን ይጠብቃል። አጎቴ ሲሰፋ አንዱን ይከፍተዋል፤ የዚያኛው ድንጋይ ሲደክም ሌላውን። እኔ ሬድዮዎቹ ልብስ የሚለብሱት ስለሚበርዳቸው ነው ብዬ አምን ነበር። ድንጋያቸው አልቆ ድምፃቸው ሲሰልል ጉንፋን የያዛቸው ይመስለኝ ነበር። አጎቴ ዝናቡ ባባራ ቁጥር የደከሙትን ድንጋዮች አውጥቶ ፀሐይ ላይ ሲደረድርና “ትንሽ ይሙቁና ይበረታሉ” ሲል ደግሞ ጥርጣሬዬ ሁሉ ጠፋ። ጠዋት ማንም ሳይመጣ “እንዴት አደራችሁ” እላቸው ነበር። ለሰው ግን እንዲህ አልልም። ደንበኛ ሲመጣ ከስፌት መኪናው ጀርባ እገባለሁ። አጎቴ አንድም ቀን “ሰላም በይ እንጂ” ብሎ አልገፋኝም፤ “ስትፈልግ ትናገራለች” ይላቸዋል፣ ስለ አየር ጠባይ የሚናገር ያህል።

የአጎቴን አሠራር መጀመሪያ ያየሁት አያ ደመላሽ የሚባሉት ገበሬ አዲስ ሬድዮ ገዝተው የመጡ ጊዜ ነው። ሬድዮውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፦

“ይኸውልህ አያ ስሜነህ፤ ለካና ለሳምንት አድርስልኝ” አሉ።

“ሬድዮው አይለካም። የሚለካው አንተ ነህ። በል መዳፍህን አምጣ።”

“ምነው፣ መዳፍ ማንበብ ጀመርህ እንዴ?”

“አምጣ ነው የምልህ።”

አጎቴ የተፈጨ ነጭ ጠመኔ በጣሳ ያስቀምጣል። ከዚያ ቆንጥሮ የሰውየውን መዳፍና ጣቶች በደንብ አሸና ሬድዮውን ራሱ በትከሻቸው አነገተላቸው። “ገበያውን አንድ ጊዜ ዙርና ና። ጣቢያ ቀይር። ሰው ካገኘህም ቁመህ አውራ።”

“በዚህ እጄ! ሊጥ ሳቦካ የዋልሁ መስዬ?”

“ሚስትህ ብታይህ ደስ ይላታል።”

አያ ደመላሽ እየተሳደቡ ሄዱ፤ እየሳቁ ተመለሱ። አጎቴ ሬድዮውን ወደ ብርሃን አዞረው። ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ ጠመኔው የት የት እንዳረፈ አንድ በአንድ አየ፤ አውራ ጣቱ እዚህ፣ የመዳፉ ጠርዝ እዚያ። ሲሰፋ በእነዚያ ቦታዎች ከካኪው በላይ ስስ ቆዳ ይደርብባቸዋል። “ጨርቅ ቀድሞ የሚያልቀው እጅ የሚወደው ቦታ ላይ ነው” ይለኝ ነበር። “እጁ የት እንደሚወድ ሳላውቅ መቀስ አላነሣም።”

ሌላም ልማድ ነበረው። ከልብሱ ቁልፎች የመጨረሻዋን አይተክላትም። ባለቤቱ ሊወስድ ሲመጣ ክር የገባበት መርፌ ያቀብለዋል።

“እኔ? መርፌ?” አሉ አያ ደመላሽ ግራ ቀኙን እያዩ። “ኧረ ተው፣ ሰው እያየ!”

“አንዲት ቁልፍ ናት።”

“ሞፈር የለመደ እጅ ነው ይኸ።”

“ስለዚህ ጥብቅ አርገህ ነው የምትተክላት።”

ያ ሁሉ ሰው እየሳቀባቸው፣ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘው፣ ጣታቸውን ሁለት ጊዜ ወግተው ተከሏት። ተንጋድዳ ነው የተተከለችው። በሚቀጥለው ረቡዕ ገበያ መሀል ለሰው ሲያሳዩ ሰማኋቸው። “ይቺን አየሃት? እኔ ነኝ የተከልኋት።” አጎቴ የተከላቸውን አምስት ቀጥ ያሉ ቁልፎች ማንም አላየለትም። እሱ ከመኪናው ላይ ቀና ሳይል ፈገግ ብሎ መስፋቱን ቀጠለ።

የኔ ሥራ ማውለቅ ነበር። አሮጌ ልብስ የለበሰ ሬድዮ ሲመጣ፣ ስፌቱን በምላጭ እፈታለሁ። ጨርቁን ሳይነኩ ክሩን ብቻ መቁረጥ ትዕግሥት ይፈልጋል። የተፈታውን በእንዶድ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በከሰል ካውያ ተኩሼ ለአጎቴ አስቀምጥለታለሁ፤ እሱ አዲሱን ጨርቅ በዚያ ልክ ይቀደዋል። በሁለተኛው ሳምንት ሚስቱን እትዬ ውዴን ጠርቶ “ነይ እይ፤ አንድ ክር አልተረፈባት፣ አንድ ቦታ አልቀደደች” አላት። ከዚያ ወዲህ ለዚያች ቃል ስል ምንም አደርግ ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ፣ አንድ ረቡዕ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል እቴ አንጓች መጡ። ከላይ ካለው መንደር ነው የመጡት፤ ባላቸው ሞተውባቸው ጥቁር ለብሰዋል። ሬድዮውን እንደሌላው ሰው አላነገቱትም፤ በነጠላቸው ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ታቅፈውታል።

“ይግቡ እቴ አንጓች፤ ይቀመጡ” አለ አጎቴ ብድግ ብሎ።

“አልቀመጥም ስሜነህ፤ ጭቃ ነኝ።” ነጠላውን ገለጡት። “የሱ ነው። ነሐሴ ሲያልቅ ሙት ዓመቱ ነው። ልብሱ አልቋል፤ እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት አይቀርብም። እንደነበረው አርገህ አዲስ ስፋልኝ።”

“ይናገራል?”

“እሱ ከሞተ ወዲህ አልተናገረም። ልጄ ድንጋይ ቀየረለት፣ ፈታው፣ እንጃ። መናገሩንስ አልፈለግሁትም።”

አጎቴ እንደ ልማዱ የጠመኔ ጣሳውን አነሣ። “እስቲ መዳፍዎን።”

“የኔን ምን ሊሆንህ? እኔ አንግቼው አላውቅም። እሱ ነው የሚያነግተው። እኔ አቧራውን ነው የምጠርግ።”

አጎቴ ጣሳውን ወደ ቦታው መለሰ።

“ይተዉት እንግዲህ” አለ። “እኔ አስብበታለሁ።”

“አደራህን” አሉና ሄዱ።

ሲሄዱ አጎቴ ሬድዮውን አነሣው። ልብሱን የሰፋው ሌላ ሰው ነው፤ ካኪው ከመንጣቱ የተነሣ ቀለሙ ጠፍቷል፤ ዘርፉ ረግፏል። የቀኝ ጎኑ ግን ጠቁሮ፣ ጠንክሮ፣ እንደ ቆዳ ያብለጨልጫል። አጎቴ ያንን ጎን ወደ ብርሃን አዙሮ ብዙ አየው። የራሱን መዳፍ ለጠፍ አደረገበትና መልሶ አነሣ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ለብቻው አስቀመጠው።

እኔ ከመኪናው ጀርባ ሆኜ ይህን ሁሉ አየሁ። ምን ያህል ቆሽሿል ብሎ ያዘነ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከእትዬ ውዴ ዘመዶች አንዱ ሞተ ተባለና ሁለቱም ለቀብር ተነሡ። “ማታ ሳይሆን እንመለሳለን፤ እሳቱን እንዳታጠፊው” አለችኝ እትዬ ውዴ። አጎቴ ጃንጥላውን ፍለጋ ሲዋከብ ስለ ሬድዮው ምንም ሳይነግረኝ ሄደ። ብቻዬን ስቀር መጀመሪያ ያየሁት ያንን ጥቁር ጎን ነው። ሲመለስ ደስ እንዲለው ወሰንኩ።

ስፌቱን የፈታሁበት ጥንቃቄ እስከዛሬ ይገርመኛል። እንዶዱን ወቅጬ፣ ውኃ አሙቄ ዘፈዘፍኩት። የተረፈው ቦታ ወዲያው ጠራ፤ የቀኙ ጎን ግን አልለቅም አለ። በእጄ አሸሁት፤ አልሆነም። በድንጋይ ላይ አድርጌ፣ እንዶድ እየጨመርኩ፣ ከሌላው በላይ የጠቆሩትን ቦታዎች አንድ በአንድ ያዝኳቸው። አንዱን ሳላስለቅቅ ወደሚቀጥለው አልሄድም ብዬ ነበር። እያንዳንዱ የየራሱ ግትርነት ነበረው። ከጣቢያ ማዞሪያው ቀዳዳ ሥር የነበረው ከሁሉም ባሰ፤ ለሱ ብቻ አንድ ጣሳ እንዶድ ጨረስኩ። የጣቶቼ አንጓ ተላጠ። ፀሐይ ከጭጋጉ ወጥታ እንደገና ስትገባ ጨርቁ አንድ ዓይነት ሆነ፤ የገለባ ቀለም ያለው፣ ንጹሕ ካኪ። ምድጃው አጠገብ አደረቅኩት፣ ተኮስኩት፣ አጥፌ ጠረጴዛው ላይ ከራቁቱ ሬድዮ ጎን አኖርኩት። ከዚያ በር በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ።

አጎቴ ገብቶ ጨርቁን አየ። እርጥብ ኮቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

“ማን አጠበው?” አለ። ከኔ በቀር ማንም አልነበረም።

“እኔ።”

እትዬ ውዴ ጨርቁን አንሥታ ገለበጠችው። “አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል? እንዲህ አጽድታ!”

“ውዴ፣ እጁ እኮ ነበር” አለ አጎቴ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። “የሰውየው እጅ። ያን ሁሉ ዓመት የያዘበት። እኔ ደግሞ እሱን አይቼ ልቀድ ነበር።”

እትዬ ውዴ ጨርቁን ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። እኔ የተላጡ ጣቶቼን ከቀሚሴ ሥር ደበቅኳቸው።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለኝ አጎቴ። “ሳልነግርሽ ሄድኩ።”

ኩርኩም ቢያቀምሰኝ ይሻለኝ ነበር።

“እንግዲህ አትንገራቸው” አለች እትዬ ውዴ። “አዲሱን ሰፍተህ ስጣቸው። አሮጌው ነትቦ አለቀ ትላቸዋለህ።”

“መጀመሪያ የሚፈልጉት አሮጌውን ነው” አለ አጎቴ።

በሚቀጥለው ረቡዕ እቴ አንጓች ሲመጡ አጎቴ ቆሞ ነገራቸው። የኔን ስም አልጠራም፤ “እኛ ቤት ታጠበ” ነው ያለው። እሳቸው ጨርቁን ተቀብለው ዘረጉት። በጣታቸው ዳበሱት፤ ገለበጡና እንደገና ዳበሱት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

“እንዶድ ይሸታል” አሉ።

ጨርቁን አጣጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱና ወደ መንገዱ ዞሩ።

“ሬድዮውስ እቴ አንጓች?” አለ አጎቴ።

“ይቆይ።”

ረቡዕ መጣ፤ እሳቸው አልመጡም። ሌላ ረቡዕ መጣ፤ አልመጡም። ፍልሰታ ሊፈታ ተቃረበ። አጎቴ ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ካኪ አግኝቶ በሬድዮው ልክ ቀደደው፤ ሌላውን ሁሉ ሰፍቶ የቀኙን ጎን ያለ ቆዳ፣ ባዶውን ተወው። ልብሱን ለጊዜው በሰፋፊ ስፌት አያይዞ ሬድዮው ላይ አጠለቀለት። በዚያ ጎን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር። ደንበኛ በሌለ ጊዜ ያነሣዋል፣ መዳፉን ያስጠጋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እኔ ጠዋት ጠዋት ለሬድዮዎቹ “እንዴት አደራችሁ” ማለቴን ተውኩ። እዚያ መሀል አንዱ የማይናገረው በኔ ምክንያት እንደሆነ ነበር የሚሰማኝ፤ ከኔ በፊትም እንደማይናገር እያወቅኩ።

አንድ ዓርብ፣ አጎቴ አፉ ውስጥ መርፌ ይዞ ጎንበስ ባለበት፣ “ጋሼ” አልኩት። “እኛ ለምን አንሄድም?”

መርፌውን ከአፉ አወጣ። በራሴ ጊዜ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር መሰለኝ፤ እሱ ግን አልተገረመም።

“ታነግቺዋለሽ?”

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ግራና ቀኙ ገብስና ድንች። አጎቴ ጃንጥላ ይዞ ከፊት፣ እኔ ሬድዮውን በግራ ትከሻዬ አንግቼ ከኋላ። ጭቃው ጫማዬን ይዞ ያስቀረዋል፤ ሬድዮው በተራመድኩ ቁጥር ታፋዬን ይመታኛል። አጎቴ ልያዝልሽ አላለኝም፤ አልሰጠውምም ነበር። ምን እንደምላቸው እያጠናሁ ነበር የምሄደው። “እኔ ነኝ ያጠብኩት” የሚለውን ደጋግሜ በልቤ አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ግን አልመጣልኝም።

እቴ አንጓች ደጃቸው ላይ ድንች እየለቀሙ ነበር። ከሩቅ አዩን። ገና ሰላም ሳንል ድንቹን ትተው ብድግ አሉ።

“ኧረ እንዲያ አይደለም!” ብለው ጮኹ። “በቀኝ ነው! በቀኝ!”

ደነገጥኩና ቆምኩ። እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ደረሱና ማንገቻውን ከትከሻዬ አወጡት። “እንዲያ ተይዞ ይወድቃል። ማንገቻውን ማሳጠር ነው፤ ከዚያ ብብት ሥር ማስገባት። እንዲህ።” በቀኝ ትከሻቸው አነገቱት። ብብታቸው ሥር አስገቡት። ያን ጊዜ ያደረጉትን አወቁና ቀጥ አሉ።

አጎቴ አልተንቀሳቀሰም። “እስቲ ወዲያ ወዲህ ይበሉ” አላቸው፣ ቀስ ብሎ።

እቴ አንጓች ወደ አጥሩ ተራመዱ። አካሄዳቸው የራሳቸው አልነበረም። ደረታቸው ወጣ፤ እርምጃቸው ረዘመ፤ መንገድ ላይ የቆመች ዶሮ ሸሸች። አጥሩ ጋ ደርሰው ዞሩና ሳቁ። “እንዲህ ነበር የሚሄድ፤ አገሩ የሱ የሆነ ይመስል! የሬድዮው ወሬ ሲጀመር ደግሞ፣ ዝናብ ይሁን ጭቃ፣ ባለበት እንዲህ ገትር ብሎ፣ እንዲህ አርጎ ይዞ…”

እጃቸውን ሬድዮው ጎን ላይ አደረጉ። ትንሽ ከፍ አደረጉት። ዝቅ አደረጉት። “እዚህ ነበር… አይ፣ እዚህ።” እንደገና አነሡት። ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። “ጠፋኝ” አሉ። “ስንት ዘመን ያየሁት፣ ጠፋኝ እኮ ስሜነህ።”

“ዝቅ ይላል” አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ያጠናሁት ይህን አልነበረም። ነገር ግን ቦታውን አውቀዋለሁ፤ ግማሽ ቀን ሙሉ አሽቼዋለሁ፤ የት ይጀምር የት ያበቃ እንደነበር ጣቶቼ ያውቁታል።

“እኔ ነኝ ያጠብኩት” አልኩ። “ዝቅ ይላል። ወደ ማዞሪያው ደግሞ ይጠጋል።”

አጎቴ ኪሱ ገብቶ፣ ልብስ ሰፊዎች ምልክት የሚያደርጉበትን ስስ የሳሙና ስባሪ አውጥቶ ሰጠኝ። እቴ አንጓች ሬድዮውን አላወረዱትም። ተጠግቼ፣ ትንፋሻቸው ጠጉሬ ላይ እየተሰማኝ፣ ባዶው ካኪ ላይ መሣል ጀመርኩ። መጀመሪያ ከማዞሪያው ሥር ያለውን፣ ያ ሁሉ እንዶድ የፈጀብኝን፤ አውራ ጣት መሆኑን ያወቅኩት ስሥለው ነው። ከዚያ ከታች ያለውን ክብ፣ መዳፉን። ከዚያ ጣቶቹን ከላይ ወደ ታች። አንድ። ሁለት። ሦስት። እጄን አነሣሁ።

“ትንሿስ?” አለ አጎቴ።

“አልነበረችም።”

ራሴን ተጠራጠርኩ። ሳላያት አጥቤያት ይሆን ብዬ ያን ቀን አስታወስኩ፤ ድንጋዩን፣ ውኃውን፣ አንዱን ጨርሼ ወደሚቀጥለው ስሄድ። “ሦስት ነበሩ” አልኩ። “አራተኛ አላጠብኩም።”

እቴ አንጓች እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። “ስሜነህ፣ ይቺ ልጅ እሱን አይታዋለች?”

“የት አይታቸው! ዘንድሮ ነው የመጣችው።”

“አንተ ነግረሃታል?”

“ምኑን?”

“ትንሿን ጣቱን እኮ ማጭድ ወስዷታል፤ ገና እኔን ሳያገባ። በሰው ፊት፣ ሬድዮውን ይዞም ቢሆን፣ እጁን ከጋቢው ሥር አያወጣም ነበር። ከኔ በቀር ያወቀበት የለም።” ወደኔ ዞሩ። እንባቸው እየወረደ ነበር፤ አልጠረጉትም። “አየሽው አይደል! ልክ እኮ ነው፤ እሱ ነው!”

ሳሙናውን ይዤ ቆምኩ።

እሳቸው ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው የሣልኩት ላይ አሳረፉ። አውራ ጣታቸውን ባውራ ጣቱ ላይ፣ ሦስቱን በሦስቱ ላይ። የሳቸው እጅ ያንስ ነበር፤ የሳሙናው መስመር በዙሪያው ተርፎ ይታያል። ትንሿ ጣታቸው ብቻ ቦታ አጥታ ከመስመሩ ውጭ፣ ምንም ያልተሣለበት ካኪ ላይ አረፈች። ብዙ ጊዜ አዩዋት።

“ይቺ እንግዲህ የኔ ናት” አሉ።

አጎቴ ሳሙናውን ከእጄ ወሰደ፤ ጎንበስ ብሎ፣ ጣታቸውን እንዳያንቀሳቅሱ በግራ እጁ ደገፍ አድርጎ፣ በዙሪያዋ መስመር አሰመረ።